መደርደሪያ ላይ የቀረው ሽሮ

ሽሮው ሦስት ሳምንት ሙሉ ማድቤቴ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ አንድ ኪሎ ይይዛል። ክዳኑ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ በልጅ እጅ፣ በቁቤ፣ ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ዝርዝር አለ፦ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ በርበሬ፣ ጨው። ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ መስመር፦ "ቀመዲ ሂን ቀቡ።" ስንዴ የለበትም ማለት ነው።

ጠዋት ቡና ላፈላ ስገባ አየዋለሁ። ማታ ራት ስሠራ አየዋለሁ። አንድም ቀን አልከፈትኩትም።

እኔ የምግብ ማሸጊያ ጀርባ በማንበብ የታወቅኩ ሰው ነኝ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ እያገላበጥኩ ሳነብ ከኋላዬ ሰው ይሰለፋል። ካነበብኳቸው ሁሉ ግን ለእኔ ተብሎ የተጻፈው ያ ወረቀት ብቻ ነበር። ያላመንኩትም እሱን ነው። ነገሩ አልለቀቀኝም፤ እዚህ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ሴሊያክ የሚባለው ሕመም እንዳለብኝ እስኪታወቅ ድረስ ያለውን አላራዝመውም። አሜባ ተባልኩ፣ ጃርዲያ ተባልኩ፣ ጨጓራ ተባልኩ፣ ለደም ማነሱ የብረት ክኒን ዋጥኩ። በመጨረሻ የደም ናሙናዬ ከጅማ አዲስ አበባ ሄደ፤ እኔም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተከትዬው ሄጄ በኢንዶስኮፒ ከትንሹ አንጀቴ ቅንጣቢ ተወስዶ ታየ። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። እሱ ሲገባ የገዛ ሰውነቴ አንጀቴን ያጠቃል፤ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሳይ ጥቃቅን ነገሮች ይከስማሉ። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፣ ዕድሜ ልክ።

ወተቱንም ያኔ ተውኩት። አንጀት ሲጎዳ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይምም ያንሳል፤ ብዙ ሰው ሲያገግም ይመለስለታል። እኔ ግን ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ፋሲካ ደርሶ አገሩ ሲፈታ እኔ ሳልፈታ ቀረሁ። ሥጋውም እንቁላሉም ቅቤውም አላማረኝም። እናቴ "ልትመነኩሺ ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች።

የጾም ነው፤ ግን ስንዴ ነው

ማሩንና በአንዳንዱ ቤት የሚበላውን ዓሣ ካላነሳን፣ ሌላው ዓለም ቪጋን የሚለው ነገር እኛ ዘንድ የጾም ነው። ጅማ ውስጥ የጾም ምግብ ማግኘት ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። "የጾም ብስኩት አለ?" ስል ባለ ሱቁ ፓኬቱን ሳያይ ያቀብለኛል። ችግሩ፣ ሥጋውና ወተቱ የለቀቁትን ቦታ የሞላው ስንዴና ገብስ መሆኑ ነው። ብስኩቱ ስንዴ፣ ፓስታው ስንዴ፣ ሳምቡሳው ስንዴ፣ ቂንጬው ስንዴ፤ በሶው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ።

በሌላ በኩል አዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ግሉተን የለበትም የሚል ዳቦ አለ። የመጀመሪያውን ሳገኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዋጋውን አልነግራችሁም። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳየው እንቁላል ነጭና የወተት ዱቄት። ሌላ ዓይነት ገዛሁ፤ እሱም እንቁላል። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሊጥ እንዲለጠጥና በውስጡ የተፈጠረውን አየር ይዞ እንዲነፋ የሚያደርገው ግሉተን ነው፤ እሱ ሲወጣ ዳቦው ይፈራርሳል። ስለዚህ ፋብሪካው በምትኩ ሌላ ማያያዣ ይጨምራል፦ እንቁላል ነጭ፣ ዛንታን ገም የሚባል ሙጫ፣ ወይም ሲሊየም የሚባል የዘር ገለባ። እኔ በገዛኋቸው ላይ የተመረጠው እንቁላሉ ነበር። ግሉተን ሲወጣ እንቁላል ይገባል።

እንቁላሉና ሥጋው ሲወጣ ደግሞ ግሉተኑ ይገባል። ይህን ያስተማረችኝ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። "ለአንቺ የሚሆን አገኘሁ" ብላ በሰው ሻንጣ አንድ ጥቅል ላከችልኝ፤ ሥጋ የሌለበት ቋሊማ፣ ፊቱ ላይ ቅጠል የተሳለበት። ጀርባውን ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ቃል "የስንዴ ግሉተን"። የስንዴ ዱቄት እንኳ አይደለም፤ ራሱ ግሉተኑ፣ ተነጥሮ፣ ታሽጎ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣልኝ። ደውዬ አመሰገንኳት። ምን ልበላት?

ይህን ሁሉ ሳስብ የሚገርመኝ እንጀራችን ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እንጀራው ግን ዓይን አውጥቶ፣ ሳይፈርስ ይጠቀለላል። ከተቦካው ሊጥ ጥቂቱን አንስተው በፈላ ውኃ አብስለው አብሲት ብለው ይመልሱታል፤ የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል። እናቶቻችን ዛንታን ገም የሚባል ስም ሳይሰሙ፣ እንቁላልም ሳይሰብሩ የፋብሪካውን ጥያቄ መልሰውታል። ብቻ የገበያ እንጀራ ላይ እጄን አልዘረጋም። ጤፉ ተወዷልና ገብስም ስንዴም ሊቀላቀልበት ይችላል። ስለዚህ የራሴ ምጣድ አለኝ፤ የራሴ እርሾ አለኝ። ከጎረቤት እርሾ መበደር አቆምኩ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እርሾ የማይበዳደር ጎረቤት ግን እንዴት ያለ ጎረቤት ነው?

በአራት ቋንቋ አንድ ቃል

ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ስወጣ በዚያው ሄርማታ ያሉትን ሱቆች እዞራለሁ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ ቋንቋ ሳልማር፣ ከእንግሊዝኛው "ግሉተን ፍሪ" ሌላ፣ ቃል ለቃቀምኩ። "ግሉተንሲዝ" ቱርክኛ ነው። "ሴንዛ ግሉቲኔ" ጣሊያንኛ ነው። የዓረብኛውን "ኻሊ ሚን አል ግሉቲን" አንድ ባለ ሱቅ ልጅ በጣቱ እያሳየ አስጠናኝ። በክብ ውስጥ የተሰረዘ የስንዴ ዘለላ ካየሁ ደግሞ ልቤ ያርፋል።

የወደቅኩባቸው ጉድጓዶች አሉ። ትልቁ ኮርንፍሌክስ ነበር፤ በቆሎ ነው ብዬ በደስታ አንድ ካርቶን ጨረስኩ። ማልት የሚለውን ቃል ያየሁት ታምሜ ከተኛሁ በኋላ ነው። ማልት ማለት ብቅል፣ ብቅሉም የገብስ። ጠላ ጠማቂ አያት ያላት ልጅ በብቅል ትታለል? "ከስንዴ ነፃ" የሚለውም አታለለኝ፤ ስንዴ ባይኖርም ገብስ ይኖራልና። አንዳንዱ ላይ ደግሞ "ስንዴ ሊኖርበት ይችላል" ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ በአሜሪካም በአውሮፓም በፋብሪካው ፈቃድ የሚጻፍ ስለሆነ አለመጻፉ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ግልባጭ ሞኝነትም አለብኝ፦ የመጀመሪያ ሰሞን አንድ የታሸገ በርበሬ ላይ "በሶብላ" የሚል አይቼ በሶ የገባበት መስሎኝ ደንግጬ መለስኩት። የቅመሙን ቅጠል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ እኮ! ፍርሃት ቋንቋ ያስረሳል።

ጣዕሙንስ? ከሩዝ የሚሠራው ክብ ደረቅ ነገር የፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ሲቀባበት የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ስፖንጅ ይሆናል። ሁለት ዓመት በላሁት፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የበቆሎ ፓስታ ጥሩ ነው፣ ግን ትዕግሥት አያውቅም፤ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ካልወጣ ይፈርሳል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይደርቃል። በትኩሱ በቲማቲም ስልስ ከሆነ ግን ከስንዴው አልለየውም። ከምስር የሚሠራውን ፓስታ ብዙ ሰው ሽታውን ይጠላል፤ በሽሮና በምስር ላደገ ሰው ምኑ ይሸታል? የሰሊጥ ሐላዋ ሲገኝ፣ ጀርባውም ሲነበብ ንጹሕ ከሆነ፣ ለቡና የሚሆን ከእሱ የተሻለ ነገር አላውቅም። የተከተፈ ተምር ላይ እንዳይጣበቅ ዱቄት የሚነሰንሱ ስላሉ ሙሉውን፣ ፍሬው ያልወጣለትን እገዛለሁ።

በዚህ ሁሉ ዙረት መጨረሻ የምመለሰው ግን ቡላ ላይ ነው። በግማሽ ኪሎ ታሽጎ ይሸጣል፤ ከእንሰት ስለሆነ ከስንዴም ከገብስም ዘር አይደለም። በውኃ በጥብጬ፣ ገንፎ አድርጌ፣ መሃሉን ጎድጉጄ ዘይትና በርበሬ ሳፈስበት የአዲስ አበባውን ዳቦ ዋጋ አስብና እስቃለሁ። ድርቆሽም አለ፤ የራሴን እንጀራ አድርቄ በፌስታል ቋጥሬ ቢሮ እወስዳለሁ። ሥራ ባልደረቦቼ ቺፕስ ነው ይሉታል፣ እኔም አላርማቸውም።

"እና ይሄን እኔ አልሠራውም?"

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ ሰኞ መጋቢት 2። ሰፈራችን ያን ሰሞን ሌላ መልክ ነበረው። ቀን ቀን ሁላችንም ዝም ብለን እንውላለን፤ ማታ ሁሉም ቤት ዘይት ይንጫጫል።

ግቢ የምንጋራቸውን ሴትዮ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። በዓል ሲመጣ በሥጋ አንገናኝም፤ የእሳቸውን ባርኮት እኔ፣ የእኔን እሳቸው አንበላም። የሚያገናኘን የጾም ማዕድ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ቡና። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ የጾም ምግብ የክርስቲያን ብቻ አይደለም፣ የሁለት ቤት የጋራ ሰሐን ነው። የእኔ ሆድ ያን ሰሐን ነው የሰበረው።

አንድ ማታ ለአፍጥር ጠሩኝ። ተምር ቀረበ፤ ሦስት በላሁ። ሾርባው አጃ አለበት፤ አጃው ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላልና አለፍኩት። ቀጥሎ እትዬ ለብቻው በሰሐን የተከደነ ሳምቡሳ ፊቴ አስቀመጡ።

"ይሄ ያንቺ ነው። በምስር ነው፤ ሥጋ ባልነካው ዘይት ለብቻ ነው የጠበስኩት።"

ጾሜን አክብረው ድስት ለይተው፣ ዘይት ለይተው። ሊጡ ግን ስንዴ ነው። ሕመሜን ነግሬያቸው ነበር፤ "ዱቄት አይስማማኝም" ብዬ ነበር የነገርኳቸው፣ እንደ ቀላል ነገር። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። ከቦርሳዬ አንድ ፓኬት የበቆሎ ብስኩት አወጣሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። የቀረበልህን ትተህ ከቦርሳህ አውጥተህ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አላብራራም።

"ዳቦ ሰው ያማል እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

አንድ የማውቀውን ታሪክ ነገርኳቸው። ቪለም-ካሬል ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበር። እንደኔ ያሉ ልጆችን የሚያሳምማቸው እህል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ይጠረጥራል። በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው ክረምት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አገሩ ተራበ፤ ዳቦ ጠፋ፤ ሰው የአበባ ሥር ሳይቀር በላ። አገሩ ሁሉ ሲከሳ እነዚያ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ተመልሰው ታመሙ። በ1950 የምርምር ጽሑፉን አቀረበ።

"ሱብሃነላህ" አሉ እትዬ። ከዚያ ፓኬቱን ከእጄ ወሰዱት፣ ጀርባውን ገለበጡት፣ መነጽር ስላላደረጉ ከዓይናቸው አራቁትና ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። "አንብቢው።" ልጅቷ ፊደል እየቆጠረች አነበበች፦ በቆሎ፣ የሱፍ ዘይት፣ ጨው።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"እና ይሄን እኔ አልሠራውም?"

በሳምንቱ ሽሮው መጣ። ወረቀቱ ተለጥፎበት፣ ዝርዝሩ ተጽፎበት፣ ልክ እንደ ፋብሪካ ዕቃ። "ወላሂ ልጄ፣ ስንዴ የሚባል አልነካውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እጃቸው አልነካውም። ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ግን ሁለት ወፍጮ ነው ያለው፤ አንዱ ለበርበሬ፣ አንዱ ለሌላው ሁሉ። ሽሮው የተፈጨው በዚያ በ"ሌላው ሁሉ" ነው። ከፊቱ የማን ስንዴ እንዳለፈ ማን ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን በር ላይ ተገናኘን። "ጣመሽ?"

"በጣም!"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ማታ ማታ ይህን ሳመላልስ ነበር። የታሸገ ነገር የምወደው ስለሚጣፍጥ እንዳልሆነ የገባኝም ያኔ ነው። ፓኬት አይቀየምም። ገልብጬ ባነበው፣ ጠርጥሬው ብመልሰው፣ ግማሹን ብጥለው ምንም አይለኝም። "በሞቴ" አይልም። ሰውን ግን እንዴት አድርጌ ጀርባውን አገላብጣለሁ? ብዙ አገሮች ግሉተን የለበትም ብሎ ለመጻፍ ያስቀመጡት ወሰን በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። ጨርሶ የለበትም ማለት እንኳ አይደለም፤ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። የማያውቀኝ ፋብሪካ "ከ20 በታች" ሲለኝ አምናለሁ፤ የምታውቀኝ ሴት "ወላሂ" ስትለኝ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ልክ ነበርኩ። አንጀቴን ለማንም ይሉኝታ አልሰጥም። ልክ መሆኔ ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም።

ውሸት ደግሞ ዋጋ አለው። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ በሩን አንኳኩ፤ ሌላ ዕቃ ይዘዋል፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ። "ጣመኝ ስላልሽ ሁለት ኪሎ አስፈጨሁልሽ።" ወረቀቱ በዚህኛው ላይ በቀለም እስክሪብቶ ነው የተጻፈው።

ሰፌዱ ላይ

በማግስቱ ቡናቸው ላይ ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን እንዳልከፈትኩት፣ እንደዋሸሁ፣ ወፍጮውን እንደፈራሁ። ሁለተኛው ላይ ነበርን። ስኒውን አስቀመጡ። ዝም አሉ። እኔ "አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ፣ ሕመሙ ነው" እያልኩ ማብዛት ጀመርኩ።

"ወፍጮውን ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ በመጨረሻ። "ወፍጮ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም? ከጥቁር ጤፍ ቀጥሎ ነጭ ጤፍ አስፈጭቼ የማላውቅ ሴት ነኝ! ከወፍጮ ጋር ስጣላ አርባ ዓመቴ!"

የተቀየሙት ሽሯቸውን ስላልበላሁ አልነበረም። የሚገባቸው ስላልመሰለኝ ነው። ሐኪሙ ለእኔ በሥዕል ያስረዳኝን፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ በአራት ቋንቋ የለቀምኩትን፣ እትዬ ወፍጮ ቤት ተራ ይዘው ከማን ቀጥለው እንደሚያስፈጩ ሲመርጡ ሲያውቁት ኖረዋል። ግሉተን የሚለውን ቃል አያውቁትም እንጂ ነጩ ከጥቁሩ ቀጥሎ ቢፈጭ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። እኔ ግን "ዱቄት አይስማማኝም" ብዬ እንደ ሕፃን አለፍኳቸው።

ሦስቱን ኪሎ አጋሮ ላለችው ልጃቸው ላኩት። ሐሙስ ዕለት አብረን ገበያ ወጣን፤ ሽምብራውን እሳቸው መረጡ፣ ሻጩን ያስጨነቁትም እሳቸው ናቸው። "ይሄ ጆንያ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት?" ብለው ሲጠይቁ እኔ ፓኬት ሳገላብጥ የማደርገውን ፊት አየሁባቸው። የሚታመሰው በእኔ ምጣድ ነው፤ የሚፈጨው በእኔ ትንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው፣ ጥቂት ጥቂት እያልን። መጀመሪያ ግን መለቀም አለበት።

ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥን፤ ሰፌዱ ጉልበታቸው ላይ፣ አንድ ኪሎ ሽምብራ ተዘርግቶበት። እኔ በስልኬ ሒሳብ እሠራለሁ። አንድ የስንዴ ቅንጣት 40 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል፣ ግሉተኑ ከዚያ አንድ አሥረኛ ግድም ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ አምስት ቅንጣት ከተረሳ ወሰኑ ዳር ላይ ነን። ነገርኳቸው። "አምስት?" አሉና ሰፌዱን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከልጅነቴ የሰማሁት በስንዴው መሃል ስለበቀለው እንክርዳድ ነው፤ እዚህ ሰፌድ ላይ እንክርዳዱ ራሱ ስንዴው ነው።

ሁለት አገኘን። ቆይተን ሦስተኛ። አራተኛዋን እሳቸው ናቸው ያገኟት፤ በሁለት ጣታቸው አንስተው እስከ ዓይናቸው ድረስ አቀረቧት፣ መልሰው አራቋት።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት እትዬ።"

ደጋግመው አዩዋትና ለዶሮዋ ወረወሩላት።